«በገዛ ቤቴ አፌን ለጎሙኝ»

በዚህ ሳምንት የመረጥኩት ደብዳቤ ከአዲስ አበባ የተላከ ነው። ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። አባታችን ልጆች ሳለን ስላረፈ እኔንና ታናሽ እህቴን ያሳደጉን አጎታችን ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ያልረገጡት ከተማ፣ የማይቀልዱበት ሕዝብ የለም። እሳቸው ካሉ ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው እንኳ ሳይስቅ አይወጣም።

ባለፈው ለልጃችን ክርስትና ግቢያቸው ሰፊ ስለሆነ እሳቸው ቤት ደገስን። አማቴም ከክፍለ ሀገር መጡ። ባለቤቴ ከእኛ የተለየ ብሔር ተወላጅ ነው። ምሳ ተበልቶ ጨዋታው ሲደራ ጋሼ ስለ ባለቤቴ ብሔር አንድ የቆየ ቀልድ ጣል አደረጉ። ቀልዱ ውስጥ ዛሬ ሰው በአደባባይ የማይጠራው ስድብ አለበት። ሰው ሳቀ። አማቴም ፈገግ አሉ። እህቴ ግን ብድግ ብላ በሰው ሁሉ ፊት ‹አንተ ዘረኛ ነህ!› አለቻቸው። አንተ! ላሳደጓት ሰው! እሷ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ለክርስትናው ብላ ነው የመጣችው።

ጋሼ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም። ይባስ ብሎ የጋሼ ትንሹ ልጅ ቀልዱን በስልክ ቀርጾት ኖሮ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። እሱ ለሳቅ ብሎ ነው። ከሥር ያለው ስድድብ ግን አያስቅም።

ጋሼ ‹ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳቤን የመግለጽ መብት ሰጥቶኛል። በገዛ ቤቴ አፌን ለጎሙኝ። ይሄ የአሜሪካ በሽታ ነው። እኔ ደግሞ በሁሉም ብሔር እኩል ነው የምቀልደው› ይላሉ። እህቴ ‹ይቅርታ ካልጠየቀ ቤቱን አልረግጥም› ብላለች። ባለቤቴ ‹ተዪው፣ ሽማግሌ ናቸው› ብሎ ዝም አለ። ዝምታው አላማረኝም። ፋሲካ እየደረሰ ነው፤ ሁልጊዜ የምንሰበሰበው ጋሼ ቤት ነው። ማን ነው ትክክል? ማንን ነው ይቅርታ ጠይቁ የምለው? ግራ ገብቶኛል።»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳሳጥር ሆን ብዬ ያወጣኋቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ የባለቤትሽ ብሔርና ቀልዱ። ብሔሩን ብጽፈው ግማሹ አንባቢ ገና ሳያነብ ወገን ይይዛል። ቀልዱን ብጽፈው ደግሞ የጋሼን ሥራ እኔ ልቀጥልላቸው ነው። ሰው መገመቱ አይቀርም፤ ይገምት።

ሕግ የጠቀሱት እሳቸው ናቸውና በጋሼ ልጀምር።

አንቀጽ 29 በእርግጥ አለ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ማንም ሰው የመሰለውን አመለካከት መያዝና ሐሳቡን መግለጽ እንደሚችል ይደነግጋል። ቀላል ነገር አይደለም። ጋሼ በወጣትነታቸው የኖሩበትን ዘመን ያስታውሱታል። በንጉሡም በደርግም ጊዜ ጋዜጣና መጽሐፍ ሕዝብ እጅ ከመግባቱ በፊት ሳንሱር ዘንድ ይቀርብ ነበር። ሳንሱር በሕግ የቀረው በ1985 በወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 ነው። ከዚያም ወዲህ ቢሆን መንገዱ አልጋ በአልጋ አልሆነም። ከ1997 ምርጫ በኋላ ጋዜጦች ተዘጉ፤ ጋዜጠኞች ታሰሩ። በሚያዝያ 2006 የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ተይዘው በጸረ ሽብር ሕጉ ተከሰሱ። የመጀመሪያዎቹ የተፈቱት ከአንድ ዓመት በላይ ከታሰሩ በኋላ ነው።

አፍ መለጎም ማለት እንግዲህ ያ ነው። ጋሼ ቤት የመጣ ፖሊስ የለም። ጡረታቸውን የቆረጠባቸውም የለም። ያሳደጓት ልጅ ተቆጥታ መልስ ሰጠቻቸው፤ የሆነው ይኼው ነው። አንቀጽ 29 እሳቸውን የሚጠብቃቸው ከመንግሥት ዱላ ነው። ከእህትሽ ቁጣ አይጠብቃቸውም። እንዲያውም «ነውር ነው» ስትል እሷም የተጠቀመችው በዚያው አንቀጽ ነው። «እኔ ልናገር፣ ሰሚው ግን ዝም ይበል» የሚል መብት የትም ሕገ መንግሥት ላይ የለም።

ጋሼ አንቀጹን ይዘው ክርክራቸውን ከገፉበት ደግሞ እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ንዑስ አንቀጽ 6 ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ ንግግር በሕግ እንደሚከለከል ይናገራል። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግር ያሰራጨ ሰው እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያገኘዋል። ጥናት፣ ዜናና የኪነ ጥበብ ሥራ ከዚህ ወጥተዋል። ላይክ ማድረግም እንደ ማሰራጨት አይቆጠርም።

አየሽ፣ ቃሉ «ያሰራጨ» ነው። የጋሼ ቀልድ ግቢያቸው ውስጥ ቢቀር ኖሮ የቤት ውስጥ ብልግና ሆኖ ያልፍ ነበር። ለሕዝብ ያደረሰው ስልክ የያዘው ልጃቸው ነው። ሆን ብሎ ጥላቻ ሊዘራ እንዳልሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። ግን ይህንን ለመርማሪ ከማስረዳት ቪዲዮውን ማጥፋት ይቀላል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ልጁን ጥሪውና ዛሬውኑ ያጥፋው። «ለሳቅ ነው» ካለሽ ከሥር የተጻፈውን አንዱን አስተያየት ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልሽ ጠይቂው።

አዋጁን የጠቀስኩት ጋሼን እንድታስፈራሪበት እንዳልሆነ ግን ልብ በይልኝ። ገና ረቂቅ ሳለ ጋዜጠኞችና የመብት ተሟጋቾች ትርጉሙ በጣም ሰፊ ነው ብለው ተከራክረውበታል። እኔም ልቤ ከእነሱ ጋር ነው። ዛሬ ጠላቴን የሚያስርልኝ ሰፊ ሕግ ነገ ለእኔም ቦታ አያጣም። ደግሞስ የአጎትና የወንድም ልጅ ጠብ ፖሊስ ጣቢያ የሚደርስበት አገር ምን አገር ነው?

አሁን ወደ «አሜሪካ በሽታ» እንምጣ። ይሄን አባባል ሰሞኑን ከብዙ አፍ እሰማዋለሁ። ጋሼ እዚህ ላይ በሁለት በኩል ተሳስተዋል።

አንደኛ፣ አሜሪካ በሕግ በኩል ለክፉ ንግግር ከማንም አገር በላይ በሩን የከፈተች ናት። እ.ኤ.አ. በ1977 የናዚ አርማ የለበሱ ሰዎች ቺካጎ አጠገብ ባለች ስኮኪ በምትባል ከተማ ሰልፍ እንውጣ አሉ። ከሂትለር እልቂት የተረፉ ብዙ አይሁዶች የሚኖሩባት ከተማ ናት። ከተማዋ ልትከለክላቸው ሞክራ በፍርድ ቤት ተሸነፈች። ለናዚዎቹ የመናገር መብት ቆሞ የተከራከረው ጠበቃ ራሱ አይሁዳዊ ነበር። በመጨረሻ ሰልፉ እዚያው ቺካጎ ተደረገ እንጂ ስኮኪ አልደረሰም። ፍርድ ቤት ግን ፈቅዶላቸው ነበር። ጋሼ በዚያ አገር ሕግ ቢዳኙ ያለ ጥርጥር ነጻ ይወጣሉ። እህትሽ ከዚያ ያመጣችው የአገሩን ሕግ ሳይሆን የሥራ ቦታውንና የጎረቤቱን ልማድ ነው። እዚያ መንግሥት አይነካሽም፤ አለቃሽ ግን በአንድ ቀልድ ከሥራ ሊያሰናብትሽ ይችላል።

ሁለተኛው ስህተታቸው ይብሳል። ሰውን በመጣበት ወይም በሥራው መስደብን «ተው» ማለት እኛው አገር የቆየ ነገር ነው። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አጼ ምኒልክ አዋጅ አስነገሩ። ያን ጊዜ ብረት የሚሠራው፣ ሸማ የሚሸምነው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሁሉም በሥራው ይሰደብ ነበር። ለየሥራው ስድብ ወጥቶለት ነበር። ንጉሡ ሰነፉ ብልሁን እየተሳደበ ባለሙያ አስጠፋ ብለው ተቆጡ። ከእንግዲህ ባለ እጅን የሰደበ የሰደበው እኔን ነው አሉ። ዳግመኛ ሲሳደብ የተገኘ አንድ ዓመት ይታሰራል ብለውም ደነገጉ። ልብ በይ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ነው። እህትሽ ሜሪላንድ ሄዳ ተማረችው የተባለው ነገር እንጦጦ ሥር ታውጆ ነበር።

ታዲያ አዋጁ ሠራ? አልሠራም። ንጉሡ ካለፉ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም በየገጠሩ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ተብላ ስትፈራ፣ የጠይብ ልጅ ለጋብቻ ሲከለከል ኖሯል። ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ከንጉሠ ነገሥት አፍ የወጣና እስር ያለበት ቃል እንኳ ሰው ማዕድ ዙሪያ የሚወራውን ወሬ አልቀየረውም። እዚያ ሰሚ የለማ! እዚያ የሚሰማው አብሮ የበላው ሰው ብቻ ነው። «ኧረ ተው!» ማለት የሚችለውም እሱ ብቻ ነው። እኔ እህትሽን ከነስህተቷ የማከብራት ለዚህ ነው። አዋጅ ያልገባበት ቦታ ገብታለች።

በግድ የተቀየረ ቃል ምን እንደሚመስል ጋሼ ራሳቸው ሊነግሩሽ ይችላሉ። ደርግ ሁሉንም ሰው «ጓድ» አሰኝቶ ነበር። ጓድ ሊቀመንበር፣ ጓድ ሹፌር፣ ጓድ ተላላኪ። ቃሉ እኩል አደረገን? ያው «ጓድ» የሚባለው ባለሥልጣን «ጓድ» የሚባለውን ተራ ሰው «አድኃሪ» ብሎ ያስወስደው ነበር። በእኛም ዘመን እንዲሁ ነው። «ገረድ» ማለት ነውር ሆነና ሁላችንም «የቤት ሠራተኛ» ማለት ለመድን። ጥሩ አደረግን። ግን ስንቱ ቤት ነው አፉን አስተካክሎ ልጅቷን ዛሬም ወጥ ቤት ወለል ላይ የሚያስተኛት? ስለዚህ ሰዎች «ይሄ ቃላት መምረጥ ማስመሰል ነው» ሲሉ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደሉም። ማስመሰል ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ስድቡን አያጸድቀውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉ ሰው ቃል እየመዘነ፣ «ይሄ ይነካ ይሆን?» እያለ የሚተነፍስበት ቤትም ቤት አይደለም። ጋሼ አካል ጉዳተኛን በድሮው ቃል ቢጠሩ ባለማወቅ ሊሆን ይችላል፤ ሲነገራቸው ያርማሉ። እሱን ይዞ ሽማግሌ ማሳጣት ጭካኔ ነው። የክርስትናው ቀልድ ግን ከዚህ ይለያል። ስድቡ ስድብ መሆኑን እሳቸው ያውቃሉ። የሚያስቀውም ስድብ ስለሆነ ነው።

«ታዲያ መቀለድ ቀረ?» ይሉሻል። አልቀረም! እኛ እኮ ስድብን በጨዋታ የምናውቅ ሕዝብ ነን። በድሮው ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ገብቶ ሳይሰደብ የወጣ ማን አለ? መላጣ ከሆንሽ መላጣሽን፣ ስስታም ከሆንሽ ኪስሽን እያነሳ በማሲንቆ ያበጥርሻል። ከፍለሽ ትሰደቢያለሽ። ግን አንቺም ግጥም አቀብለሽው እሱን ወይም ጓደኛሽን ታሰድቢያለሽ። ሁሉም ተራ ይደርሰዋል። ነገሥታቱስ ቢሆኑ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ አልነበር? እረኛ በዘፈኑ ሹሙን እየወጋ ያመልጣል። ያ ወግ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ትንሹ ትልቁን ይነካበታል።

የጋሼ ቀልድ የሄደው በተቃራኒው ነው። እሳቸው የቤቱ ጌታ ናቸው፤ የተከበሩ ሽማግሌ፣ በራሳቸው ግቢ፣ በራሳቸው ዘመድ ተከበው። አማትሽ እንግዳ ናቸው። ሩቅ መንገድ መጥተው፣ የሰው ቤት እንጀራ በልተው፣ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ሊያከብሩ የተቀመጡ ሴት። ምን ብለው ይመልሱ? ያልሽኝን ፈገግታ እኔ እንደ ሳቅ አልቆጥረውም። ይሉኝታ ነው። እናቶቻችን የሰው ድግስ ላለማበላሸት ስንት ነገር በፈገግታ ውጠው አሳልፈዋል!

«በሁሉም እኩል ነው የምቀልደው» የሚለውም ሚዛን አይደፋም። ጋሼ ቀልዱን እኩል ያከፋፍሉት ይሆናል። የሚቀበሉት ግን እኩል አይከፍሉም። ባለፉት ዓመታት ሰው በማንነቱ ከቤቱ ሲፈናቀል፣ ከመኪና ሲወርድ፣ ሲገደል አይተናል። ከዚያ በፊት ስድቡ ቀድሞ ይሄዳል። በጎረቤት አፍ፣ በስልክ፣ በቀልድ መልክ። ጋሼ ያንን ቃል የለመዱት በረጅም መንገድ፣ ከረዳታቸው ጋር ሲሳሳቁ ይሆናል። አማትሽ የሰሙት ግን ማን ሲለው እንደሆነ ማን ያውቃል? አጠገባቸው ከተቀመጡት ሁሉ ያንን የጠየቀ የለም።

ወደ እህትሽ ልምጣ። በነገሩ ልክ ናት። በአነጋገሯ አይደለችም። «ዘረኛ» በእኛ አገር ዛሬ ቀላል ቃል አይደለም። ሰው የተናገረውን ሳይሆን ሰውየውን ራሱን ነው የሚፈርጀው። «ጋሼ፣ ይሄ ቀልድ ነውር ነው» ብትል ኖሮ እሳቸው ስለ ቀልዱ ያስቡ ነበር። «ዘረኛ ነህ» ስትላቸው ስለ ክብራቸው ማሰብ ጀመሩ፤ ቀልዱ ተረሳ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደተረሳ ነው። ክርክራችሁ ሁሉ «አንተ» ስለማለቷ፣ ስለ አሜሪካ፣ ስለ ሕገ መንግሥት ሆኗል። አማትሽን የሚያነሳ የለም።

ስለዚህ ስለ «አንተ»ው ይቅርታ ትጠይቅ፤ ይገባቸዋል። ስለ መናገሯ ግን ይቅርታ አትጠይቅ። ሁለቱን ለይታ ትናገረው፦ «ጋሼ፣ አንተ ስላልኩዎት ይቅርታ። ቀልዱ ግን ዛሬም ነውር ነው የምለው።» ከባድ ነው? ነው። ግን በስልክም ይባላል። ሜሪላንድ ሆና «ቤቱን አልረግጥም» ማለት ደግሞ፣ ቅር አይበላትና፣ ብዙ ዋጋ የሚያስከፍል አቋም አይደለም። ከጋሼ ጋር በየበዓሉ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ።

ይቺን ደግሞ ሳልነግርሽ ባልፍ አጉል ይሆናል። ደብዳቤሽ ውስጥ ጋሼ ያሉት አለ፤ እህትሽ ያለችው አለ፤ ባለቤትሽ ያለው አለ። አንቺ ያልሽው የለም። ድግሱ የአንቺ ነበር። እንግዳዋ የአንቺ አማት ናቸው። ያን ሰዓት ከአንቺ አንድ ቃል ቢወጣ፣ ለምሳሌ «ጋሼ ይሄኛው ይቅርብን» ብትይ፣ እህትሽ ምናልባት ባልተነሳች። ዝምታሽን እረዳዋለሁ። ያሳደገን ሰው በሰው ፊት ማረም እንዴት እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቃለን። ባለቤትሽ ግን ያን ቀን የጠበቀው የእህትሽን ድምፅ አልነበረም። ዝምታው ያላማረሽም ለዚህ ይመስለኛል።

ከእሱ ጀምሪ። «ተቀይመሃል?» ብለሽ አትጠይቂው። «ኧረ አልተቀየምኩም» ይልሻል፤ ወንዶቻችንን ታውቂያቸዋለሽ። «ያን ቀን ዝም ማለቴ ልክ አልነበረም። እማማንም አንተንም የሰደበ ቃል ነው። ያኔ መናገር ያለብኝ እኔ ነበርኩ» በይው። ከዚያ ዝም በይና እሱ ይናገር። ምናልባት ከጋሼ በፊት የሰማውን፣ ለአንቺ ነግሮሽ የማያውቀውን ያወራሽ ይሆናል። አትከላከዪ። «ጋሼ ልባቸው ንጹሕ ነው» የሚለውን ለዚያ ምሽት ተይው፤ ባለቤትሽ እሱን ያውቃል።

ቀጥሎ ወደ ጋሼ ሂጂ። ብቻሽን። ሽማግሌ አትላኪ። ሽማግሌ ከገባበት ነገሩ የሁለት ቤተሰብ ጉዳይ ይሆንና አማትሽን ከሳሽ ታደርጊያቸዋለሽ፤ እሳቸው ደግሞ ማንንም አልከሰሱም። ሕገ መንግሥቱንም፣ አሜሪካንም አታንሺ። ስለ መብት ከተከራከራችሁ ጋሼ ያሸንፉሻል፤ አፍ አላቸው። አንድ ነገር ብቻ ንገሪያቸው፦

«ጋሼ፣ ያ ቀልድ በማን ላይ እንደነበር አስበውታል? በዚያ ቀን ክርስትና በተነሳው ልጅ ላይ ነው። የእርስዎ የልጅ ልጅ በአባቱ ከዚያ ሕዝብ ነው። ነገ አፉን ሲፈታ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ያንን ስም አንዱ ይለዋል። መጀመሪያ ከእርስዎ አፍ እንዲሰማው አልፈልግም።»

እኔ ጋሼን አላውቃቸውም። ግን ሁለት የወንድም ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። ይህን ሰምተው አንቀጽ ይጠቅሳሉ ብዬ አልገምትም። መጀመሪያ ይቆጡ ይሆናል። «እኔ የራሴን ልጅ ልሰድብ?» ይሉሻል። በዚህ ጊዜ «አይ፣ እርስዎ እንደዚያ አላሰቡም» ብለሽ አታባብያቸው። ነገሩን ትተሽላቸው ሂጂ። ለሽማግሌ የማሰቢያ ጊዜ መስጠት ጥሩ ነው።

ይቅርታ በአደባባይ፣ በሰው ፊት ይጠይቁ አትበይ። ያንን የምትፈልገው እህትሽ ናት። አማትሽ የሚፈልጉት አይመስለኝም፤ እንዲያውም ያሳፍራቸዋል። ጋሼ ስልክ ያንሱና ይደውሉላቸው። «ያን ቀን አፌ አምልጦኝ አስቀየምኩዎት» ይበሉ። አማትሽ «ኧረ ምንም አልል፣ ጨዋታ ነው» ይሏቸዋል። ሁለቱም ምን ማለታቸው እንደሆነ ይግባባሉ። የእኛ አገር ሰው ይቅርታውን እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ቃሉ አጭር ነው፣ መደወሉ ራሱ ነው ክብሩ። ካልደወሉ ግን አንቺ ደውይላቸው። ጋሼን ወክለሽ ሳይሆን ራስሽን ወክለሽ።

ፋሲካስ? ዘንድሮ አንቺ ቤት ይሁን። ልጅ ትንሽ ነው፣ ይዞ መውጣት ይከብዳል ብትይ ማንም አይቀየምሽም፤ ደግሞም እውነት ነው። አማትሽን ጥሪ፤ ጋሼንም ጥሪ። እህትሽ በቪዲዮ ትግባ። ቤቱ የአንቺ ከሆነ ማን ምን እንደሚባባል የምትወስኚውም አንቺ ነሽ። ጋሼ ስለ ሾፌሮች ይቀልዱ፤ ስለ አሰብ መንገድ፣ ስለ ረዳቶቻቸው፣ ስለ አንቺ ዶሮ ወጥ ይቀልዱ። ያኛው ቀልድ ብቅ ካለ ግን የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደያዝሽ «ጋሼ፣ ይሄኛው እዚህ ቤት አይወራም» በያቸውና ጠላ መቅዳትሽን ቀጥይ።